በሰነድ ጥበቃ ሙያ ለመግባት፦ ከአንድ ካርቶን ጀምሩ

በብዙ መሥሪያ ቤት «መዝገብ ቤት ተዛወረ» ከተባለ ሰውየው ተቀጣ ማለት ነው። ከአለቃው የተጣላ፣ ጡረታው የተቃረበ፣ መደብ ያልተገኘለት ወደዚያ ይወርዳል። ክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ ምድር ቤት ወይም ደረጃ ሥር ስለሆነ «ይወርዳል» የሚለው ቃል በቁሙም እውነት ነው። እኔም የገባሁት ፈልጌ አልነበረም። ቆይቶ ግን ሥራው ያዘኝ። አሁን አሁን ከታሪክ፣ ከቋንቋ ወይም ከኢንፎርሜሽን ሳይንስ የተመረቁ ልጆች «እዚህ ሙያ ውስጥ ለመግባት ከየት እንጀምር?» ብለው ሲጠይቁኝ መልሴ አንድ ነው፦ ሥራ ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ፈልጉ።

ዲግሪውም ሶፍትዌሩም ኋላ ይደርሳል። አንድ ካርቶን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሥርዓት ያደራጀ ሰው ግን ቀጣሪ ፊት የሚዘረጋው ነገር አለው። ከዚህ በታች ያለው፣ እንደ አዲስ ብጀምር የምሄድበት መንገድ ነው።

ደረጃ 1፦ የትኛው ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ እንደምትፈልጉ ለዩ

«ሰነድ ጥበቃ» ሲባል ቢያንስ አራት ዓይነት ሥራ አለ። አንደኛው መዝገብ ቤት ነው፤ በመንግሥት መደብ «የሪከርድና ማኅደር ሠራተኛ» የሚባለው። እዚያ ወረቀቱ ገና በሥራ ላይ ነው፤ ገቢ ደብዳቤ ይመዘገባል፣ ወጪው ቁጥር ይሰጠዋል፣ የሠራተኛ የግል ማኅደር ሲወጣና ሲገባ ይፈረምበታል። ሁለተኛው ቤተ መዛግብት ነው፤ ለዕለት ሥራ አብቅቶ ለታሪክና ለማስረጃ የሚፈለገው ሰነድ የሚያርፍበት። ሦስተኛው የጥገና ጠረጴዛ ነው፤ የተሰነጠቀ ብራና፣ የተጣበቀ ፎቶ፣ የተበላ ደብተር የሚታከምበት። ይህ የእጅ ሙያ ነው፤ ትዕግሥትና የረጋ እጅ የሌለው ሰው አይሞክረው። አራተኛው ዲጂታሉ ነው፤ ስካን ማድረግ ብቻ ሳይሆን በኮምፒዩተር ተወልዶ ወረቀት ያልሆነውን ፋይል ማቆየት።

ሥራውን ከቤተ መጻሕፍት ጋር አታምታቱት። አንድ መጽሐፍ ቢጠፋ ሌላ ቅጂ ከመርካቶም ይገኝ ይሆናል፤ የ1952 ዓ.ም. አቤቱታ ግን ከጠፋ ጠፋ። ደግሞም መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው በያዘው ጉዳይ ነው። ሰነድ ግን የሚቀመጠው በባለቤቱ ነው፤ ማለትም ማን ሲሠራበት እንደነበረ ተጠይቆ። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው ምንም ቢማር ጥፋት ያደርሳል። እኔ አድርሻለሁ።

ደረጃ 2፦ አንዷን ሕግ በቃላችሁ ያዙ

በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር አንድ መደርደሪያ ቦክስ ፋይል ተሰጠኝ። ወረቀቱ በላስቲክ፣ በአግራፍ፣ በክር እየተቋጠረ ተጠቅጥቋል። ንጹሕ ሥራ ላሳይ ብዬ እስሩን ሁሉ ፈታሁ፣ ደብዳቤውን ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል ደረደርኩት። አማረ። ጋሼ የምንላቸው የክፍሉ ኃላፊ ከፈቃድ ሲመለሱ አዩት፤ ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ጠረግከው እኮ» አሉኝ። ማመስገናቸው መስሎኝ ነበር።

በዓመቱ አንዲት እናት የቤታቸውን ማስረጃ ፍለጋ መጡ። አቤቱታቸው ነበረ። አባሪው ንድፍ ግን ቀን ስላልተጻፈበት «ቀን የሌላቸው» ብዬ ከከመርኩት ውስጥ ገብቷል። ኃላፊው ጠርዙ ላይ በቀይ ምሪት የጻፉበት ግልባጭ ከሦስት ወር በኋላ የወጣ በመሆኑ ሌላ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ያ አሮጌ አግራፍ እነዚህን ሦስት ወረቀቶች አንድ ላይ ይዞ ነበር፤ የነሱን ዝምድና የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ሦስት ቀን ፈለግን። ንድፉ ተገኘ፤ የእሳቸው ስለመሆኑ ግን እርግጠኛ መሆን የሚችል ሰው አልነበረም።

ሕጉ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1841 በአገር ውስጥ ሚኒስቴራቸው መመሪያ አድርገው አውጥተውታል፦ ከአንድ አካል የመጣ ሰነድ ከሌላው ጋር አይደባለቅም። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ባለቤቱ ያስቀመጠበት ቅደም ተከተል ሥርዓት ካለው አይነካም የሚለው ነው። ቅደም ተከተሉ ራሱ ማስረጃ ነው። ወረቀት ላይ ያልተጻፈውን፣ ማን ለማን መልስ እንደሰጠና የትኛው ጉዳይ ከየትኛው ጋር እንደተያዘ፣ የሚናገረው እሱ ነው።

ደረጃ 3፦ ትምህርቱንና ቋንቋውን አሟሉ

በአገር ውስጥ ቀጥተኛው መንገድ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ሲቋቋም ከኢትዮጵያ አልፎ ለሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ባለሙያ እንዲያሠለጥን ታስቦ ነበር፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲም ትምህርቱን ይሰጣል። ዛሬ ትምህርቱ ወደ ኮምፒዩተሩ ያደላል፤ ስለዚህ የሰነዱን ጎን በራሳችሁ ማሟላት አለባችሁ። ታሪክ ያጠና ሰው ደግሞ ተቃራኒው ይጎድለዋል። የትኛውም መነሻ ይበቃል፤ ብቻውን የሚበቃ ግን የለም።

ቋንቋ ላይ አጥብቄ የምናገረው ምክንያት አለኝ። ማንበብ የማትችሉትን ሰነድ ማደራጀት አትችሉም። የጣሊያን ወረራ ዘመን ወረቀት በጣሊያንኛ ነው፤ የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ጽሑፍ ብዙው በፈረንሳይኛ ነው፤ የሐረር መዛግብት ዐረብኛ ይፈልጋል፤ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ያለ ግዕዝ አይከፈትም። ሁሉንም አትችሉም። ከአማርኛና እንግሊዝኛ ሌላ አንድ ምረጡና በዚያ ታወቁ።

አማርኛውም ቢሆን እንደምታስቡት ቀላል አይደለም። ትላልቅ ሰዎች በፍጥነት የጻፉትን የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ልምምድ ነው፤ በየቀኑ አንድ ገጽ ገልብጡ። የግዕዝ ቁጥርም እንደዚሁ። ፲፱፻፳፰ ስታዩ ፲፱ በ፻ ተባዝቶ 1900፣ በላዩ ፳፰፣ ስለዚህ 1928። ፮ እና ፯ በደበዘዘ ቀለም ሲምታቱ አንድ ዓመት ሙሉ ይሳሳታል። ጥርጣሬ ካላችሁ በቅንፍ የጥያቄ ምልክት አድርጉ፤ ገምቶ እንደ እርግጥ መጻፍ የዚህ ሙያ ትልቁ ኃጢአት ነው።

ደረጃ 4፦ ካርቶኑን ፈልጉ

የእድር ካርቶን እመርጣለሁ። በየሰፈሩ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ጸሐፊው ቤት አልጋ ሥር ወይም የእድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ከድንኳኑና ከብረት ድስቱ ጎን። ውስጡ የአባላት መዝገብ፣ የወር መዋጮ ደረሰኝ፣ ቃለ ጉባኤ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ ከቀበሌ የመጣ ደብዳቤ፣ የዕቃ ዝርዝር ይኖራል። ትንሽ መንግሥት ማለት ነው። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ንብረት ያዥ አለው፤ ስለዚህ መማሪያ ሊሆን የሚችል ሙሉ አካል ነው።

መጀመሪያ ፈቃድ። ኮሚቴውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ምን እንደምታደርጉ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው ይጻፍና ሁለት ወገን ይፈርምበት። ማን መዋጮ አልከፈለም፣ ማን ከማን ተጣልቶ ከእድር ወጣ፣ ማን ተበደረ የሚለው ሁሉ እዚያ አለ። ካነበባችሁት ውስጥ ቡና ላይ የሚወራ ነገር የለም።

ቀጥሎ እጃችሁን ሰብስቡ። ካርቶኑን ክፈቱና ሳትነኩ በስልካችሁ ከላይ ፎቶ አንሡ። ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ እያነሣችሁ ጠረጴዛ ላይ በመጣበት ቅደም ተከተል አስቀምጡ፤ እያንዳንዱን እስር ቁጥር ያለው ትንሽ ነጭ ወረቀት አስደግፉት። በእርሳስ ብቻ ጻፉ። እስክሪብቶ ሰነድ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም። ጓንት አስፈላጊ የሚሆነው ለፎቶግራፍና ለፊልም ነው፤ ለወረቀት ታጥቦ የደረቀ እጅ ይሻላል፣ በጨርቅ ጓንት የገጹ ጫፍ ስለማይሰማ ወረቀቱ ይቀደዳል። አፍንጫችሁን ግን ሸፍኑ። አሮጌ ዕቃ ቤት ውስጥ ነጭ ዱቄት ካያችሁ የድሮ ዲዲቲ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ብረቱ። የዛገ የስቴፕለር ሽቦ በመንቀያ አይነቀልም፤ ወረቀቱን ይዞ ይወጣል። ገልብጡት፤ የታጠፉት ሁለት እግሮች ሥር ቀጭን ጠንካራ ካርድ አስገቡና ወረቀቱን እየጠበቃችሁ እግሮቹን በቀስታ ቀና አድርጉ፤ ከዚያ ገልብጣችሁ ከላይ ሳቡት። አንዱን ለማውጣት ሁለት ደቂቃ ቢፈጅባችሁ አትበሳጩ። የደረቀ ላስቲክ ወረቀቱ ላይ ከተጣበቀ አትጎትቱት፤ የማይለቀውን ተዉት። የስኮች ፕላስተርን በራሳችሁ ለማላቀቅ አትሞክሩ፣ እሱ የጥገና ባለሙያ ሥራ ነው። ብረቱ ያያዛቸውን ወረቀቶች ግን አንድ ላይነታቸው እንዳይጠፋ በታጠፈ ንጹሕ ወረቀት ውስጥ አንድ ላይ አኑሩ። እኔ ያጠፋሁት ይህንን ነው።

አሁን ወደ ማደራጀቱ። ተራ ሰው «ስብሰባ»፣ «ገንዘብ»፣ «ልዩ ልዩ» እያለ በጉዳይ መከፋፈል ይጀምራል። እናንተ ግን «ይህን ማን ያዘው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቃለ ጉባኤውንና ደብዳቤውን ጸሐፊው፣ ደረሰኙንና የባንክ ደብተሩን ገንዘብ ያዡ፣ የድንኳንና የወንበር ውሰት መዝገቡን ንብረት ያዡ ይዟቸዋል። ሦስት ክፍል ተገኘ ማለት ነው። በየክፍሉ ውስጥ ባለቤቱ የደረደረበት ሥርዓት ካለ ተከተሉት፤ ሁሉም ነገር ተደባልቆ ፌስታል ውስጥ የተጣለ ከሆነ ብቻ እናንተ ሥርዓት አውጡለት፤ ያወጣችሁት እናንተ መሆናችሁንም ጻፉ። «ልዩ ልዩ» የሚል ፎልደር ሲያጓጓችሁ የሰለቻችሁ መሆኑን እወቁና ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ።

በመጨረሻ ዝርዝሩ። የመዛግብት ዓለም አቀፍ ምክር ቤት ያወጣው የገለጻ ደንብ 26 ነጥቦች አሉት፤ የግድ ናቸው የሚባሉት 6 ብቻ ናቸው። ለአንዱ ክፍል እንዲህ ይሆናል፦

መለያ፦ እድ/01
ርዕስ፦ የጸሐፊው ቃለ ጉባኤዎችና ደብዳቤዎች
አመንጪ፦ የእድሩ ጸሐፊ
ዘመን፦ 1971–1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1978/79–2001/02)
መጠን፦ 4 ደብተርና 1 ቦክስ ፋይል
እርከን፦ ክፍል

ከዚህ በታች በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ምን እንዳለበት፣ የትኛው ዘመን እንደጎደለና ለምን እንደጎደለ (ካወቃችሁ) ጨምሩ። እያንዳንዱን ወረቀት አትግለጹ። ለአንድ ካርቶን እያንዳንዱን ወረቀት የሚገልጽ ሰው 500 ካርቶን ሲሰጠው ጡረታ እስኪወጣ ሦስተኛው ላይ ነው የሚገኘው።

ደረጃ 5፦ ቀኑንና ስሙን ተጠንቀቁ

ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ ይህን አይነግራችሁም፤ በእኛ ሰነድ ግን ብዙው ስሕተት የሚወለደው እዚህ ነው።

አንድ ደብዳቤ ላይ «5/13/70» ተጽፏል እንበል። ለእኛ ግልጽ ነው፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1970 ዓ.ም.። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1978። ይህንኑ ኤክሴል ላይ ስትጽፉት ግን ፕሮግራሙ በአሜሪካ አቀማመጥ ከተጫነ ሳይጠይቃችሁ ሜይ 13 ቀን 1970 ያደርገዋል። ስምንት ዓመት ከአራት ወር ተሳሳተ፤ ስሕተቱም አይታይም፣ ትክክለኛ ቀን መስሎ ይቀመጣል። ስለዚህ የቀን ዓምዱን አስቀድማችሁ «ጽሑፍ» አድርጉት፤ ሁለት ዓምድ ይኑራችሁ። አንዱ ሰነዱ ላይ እንደተጻፈው፣ ሁለተኛው የተመለሰው። ስትመልሱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ትጨምራላችሁ። ከውጭ ድርጅት ጋር በሚጻጻፍ መሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ ሁለቱም አቆጣጠር ይቀላቀላል፤ መልሱ ከጥያቄው ሰባት ዓመት ቀድሞ ከተገኘ ተአምር አይደለም፣ አንደኛው እ.ኤ.አ. ነው።

ቀን የሌለውን ደብዳቤ ወደ «ቀን የሌላቸው» አትወርውሩ። ማዕረጉን፣ ማኅተሙንና ርእሱን አንብቡ። «አልጋ ወራሽ» የሚል የተፈሪ መኮንን ማኅተም ያለበት ጽሑፍ ከ1909 በኋላ፣ ንጉሥ ከተባሉበት ከ1921 በፊት ነው። «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» ካለ ከዚያ ወዲህ ነው፤ ዘውዱን የጫኑት በ1923 ነው። «ጠቅላይ ግዛት» የዘውዱን ዘመን፣ «ክፍለ ሀገር» የደርግን ይነግራችኋል። የከተማ ቀበሌ ማኅተም ከ1967 አይቀድምም። «የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» የሚል ርእስ ያለው ወረቀት ከ1980 እስከ 1983 መካከል ነው፤ ይህ ጠባብ መስኮት ስንት ቀን አልባ ደብዳቤ እንዳዳነልኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ብቻ አንድ ጥንቃቄ፦ የወረቀት እጥረት ስለነበር የፈረሰ መሥሪያ ቤት ባለ ርእስ ወረቀት ከፈረሰም በኋላ ይጻፍበት ነበር። ስለዚህ «ግምት» ብላችሁ መዝግቡ።

ስምን በአባት ስም አትደርድሩ። የፈረንጅ ፎርም «የቤተሰብ ስም» እያለ ስለሚጠይቅ ብዙ የውጭ ዝርዝር ውስጥ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ «ዲነግዴ» ሥር ተሰውረው ይገኛሉ። የእኛ ሰው መጠሪያው የራሱ ስም ነው፤ በእሱ ደርድሩ፣ ማዕረጉን ከኋላ አድርጉ፦ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ ፊታውራሪ። የፈረስ ስምና ቅጽል ስምም ይጨመር፤ ደብዳቤው «አባ መላ» ብቻ ካለ ፈላጊው በየትኛውም በር እንዲገባ።

ፊደሉም አለ። ጸሐፊ፣ ፀሐፊ፣ ፀሀፊ፣ ጸሀፊ፤ አንድ ቃል በአራት መልክ። ኮምፒዩተር አራት ቃል ነው የሚመስለው። መፍትሔው ሁለት ነገር አለመቀላቀል ነው፦ ከሰነዱ ስትገለብጡ ጸሐፊው እንደጻፈው፣ በስሕተቱም ቢሆን፤ በመፈለጊያ ዓምድ ውስጥ ግን ክፍሉ በተስማማበት አንድ አጻጻፍ። የተስማማችሁበትን ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ ካልሆነ ሁለት ሠራተኛ በአንድ ክፍል ሁለት ዓይነት ዝርዝር ያወጣል።

ደረጃ 6፦ ክረምቱ ሳይገባ

አዲስ አበባ በሙቀት በኩል ለወረቀት ደግ ከተማ ናት። ጠላቱ የሐምሌና የነሐሴ እርጥበት ነው። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ከ65 በመቶ ካለፈና አየሩ ካልተነቃነቀ ሻጋታ ይነሣል፤ የምንመኘው ከ35 እስከ 50 በመቶ ነው። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ግዙና በየጠዋቱ ቁጥሩን በደብተር ጻፉ። መደርደሪያው ከውጭ ግድግዳ ይራቅ፣ የታችኛው ንጣፍ ከወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይነሣ፣ ካርቶን መሬት ላይ አይቀመጥ። ከሰኔ በፊት ጣሪያ ላይ ሰው ውጣ በሉ፤ ከቆርቆሮው ላይ የወለቀ አንድ ምስማር ካየሁት እሳት ሁሉ የበለጠ ሰነድ አጥፍቷል።

ወረቀት ከራሰ ሻጋታ እስኪነሣ ሁለት ቀን አላችሁ። ጥቂት ከሆነ ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ውስጥ ንፋስ በሚያገኝበት ዘርጉት፤ ብዙ ከሆነ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት፣ ጊዜ ትገዛላችሁ። ደረቅ ደብተር ውስጥ ብል ከገባም ፍሪዘሩ ይሠራል፦ በፕላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት፤ ሲወጣ አንድ ቀን ሙሉ ሳይከፈት ይቆይ። ብራናና የመስታወት ፎቶ ግን እንዲህ አይደረግም።

ለሰነድ የሚሠራ አሲድ አልባ ሣጥን እዚህ በቀላሉ አይገኝም። እስኪገኝ ታጥቦ የደረቀ አቡጀዲ ይሻላል፤ ደብተርና መዝገብ ጠቅልሉበት፣ በጥጥ ጥብጣብ እሰሩት። አያቶቻችን ለብራናው ቆዳ ማኅደር የሰፉለት በከንቱ አይደለም። ላሚኔት የሚያደርግ ሰው ካያችሁ አስቁሙት፤ የታሸገው ሰነድ ወደ ኋላ አይመለስም። የፋክስ ወረቀት ጽሑፉ ይጠፋል፣ ዛሬውኑ ፎቶ ኮፒ ይነሣ። ጋዜጣ ጎረቤቱን ያቢጫል፣ ለብቻው ይቀመጥ። የፊልም ቆርቆሮ ሲከፈት አቼቶ አቼቶ ከሸተተ ፊልሙ መበስበስ ጀምሯል፤ ከሌሎቹ ለዩት።

ደረጃ 7፦ ስካነሩን በመጨረሻ አብሩ

ሁሉም ሰው ከዚህ መጀመር ይወዳል፤ ለጋሽም አለቃም «ዲጂታል» ሲባል ይደሰታል። ያልተደራጀ ክምር ስካን ሲደረግ የሚገኘው ግን ያልተደራጀ የኮምፒዩተር ክምር ነው። ዝርዝራችሁ ካለቀ በኋላ፣ ለታይፕ ጽሑፍ በኢንች 300 ነጥብ (ዲፒአይ)፣ ለደቂቅ የእጅ ጽሑፍ 400 ጥራት ይበቃል። ዋናው ጥራቱን በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት፣ በቲፍ (TIFF)፣ ይቀመጥ፣ ለማሳያ ቀለል ያለው ጄፔግ (JPEG) ይውጣለት። የፋይሉ ስም የሰነዱ መለያ ይሁን፤ «ስካን አዲስ የመጨረሻ 2» አይሁን። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ሕንጻ ውስጥ።

የእኛ ልዩ ጣጣ ደግሞ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት የተጻፈው በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቻቸው ነው። ያንን ፋይል ዛሬ ስትከፍቱት የማይነበብ የላቲን ምልክት ይሆናል። አትሰርዙት። የተጻፈበትን ፎንት ፈልጋችሁ ከፋይሉ ጋር አብራችሁ አስቀምጡ፣ ወደ ዩኒኮድ የተቀየረ ቅጂ ሥሩ፣ ቅጂውን ከታተመው ወረቀት ጋር አስተያዩ። ይህን መሥራት የሚችል ወጣት ዛሬ በጣም ይፈለጋል።

ደረጃ 8፦ በሩን አንኳኩ

በመጀመሪያ ደረጃ ወመዘክር። በ1936 ዓ.ም. በቤተ መጻሕፍትነት የተጀመረው ተቋም ዛሬ የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ነው፤ ከያዛቸው ቅርሶች 12ቱ እ.ኤ.አ. በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ማኅደረ ትውስታ ተመዝግበዋል። ከመሄዳችሁ በፊት ስለ ቤተ መዛግብቱና ቤተ መጻሕፍቱ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 179/1991ን አንብቡ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ያነበበው ሰው ጥቂት ስለሆነ ትለያላችሁ። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሌላው ነው። ግን እነዚህ ሁለቱ ብቻ አይደሉም። ባንክ፣ አየር መንገድ፣ ፍርድ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ሀገረ ስብከት፣ ሁሉም መጋዘን ሙሉ ወረቀት አለው፤ ማስታወቂያው ግን «አርኪቪስት» ብሎ አይወጣም። «ሪከርድ»፣ «ማኅደር»፣ «ዶክመንቴሽን» የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። መዝገብ ቤት ብትመደቡም እሺ በሉ። ሰነድ ሲወለድ ያላየ ሰው ሲያረጅ አያውቀውም።

የፕሮጀክት ሥራም አለ። የብሪቲሽ ላይብረሪ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በአደጋ ላይ ላሉ መዛግብት ገንዘብ ይሰጣል፤ በኢትዮጵያም የብራና ሥራዎች ተሠርተውበታል። እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ውስጥ በረዳትነት ስድስት ወር መሥራት ከብዙ ሥልጠና ይሻላል።

አሜሪካ ላላችሁ፣ ቀጣሪዎች በአብዛኛው በቤተ መጻሕፍትና ኢንፎርሜሽን ሳይንስ የማስተርስ ዲግሪ ይጠይቃሉ፤ የተመሰከረለት አርኪቪስት ለመሆን የሚሰጥ ፈተናም አለ። አማርኛና ግዕዝ እዚያ ጌጥ አይደለም፣ እንጀራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ 9,000 ያህል መጻሕፍት ሲቀርጽ፣ ቅጂው የተቀመጠበት በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና ቤተ መጻሕፍት ያስፈለገው አንብቦ የሚገልጽ ሰው ነበር። ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ በጥይት ቆስለው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ያንን ሥራ ለአሥርት ዓመታት ሠሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተር ሽልማት ያገኙትም በዚሁ ወንበር ላይ ሳሉ ነው። ዛሬ እኛ ስልካችን ላይ ያንን ዝርዝር በነጻ እንከፍታለን። ዋሽንግተን አካባቢም ቢሆን የማኅበራት፣ የአብያተ ክርስቲያናትና የሬዲዮ ዝግጅቶች ካሴትና ወረቀት ጋራዥ ውስጥ አርጅቷል፤ ካርቶን ፍለጋ አዲስ አበባ መምጣት የለባችሁም።

የሥራ ማመልከቻችሁ ላይ «ሰነድ አደራጅቻለሁ» አትበሉ። በመጠን ተናገሩ፤ ስንት ሜትር መደርደሪያ፣ ስንት ክፍል፣ ስንት ፎልደር፣ ስንት ሰዓት ፈጀ። ቃለ መጠይቅ ላይ ደጋግማ የምትመጣ ጥያቄ አለች፦ «አንድ ክፍል ሙሉ የተዘበራረቀ ፋይል ቢሰጥህ ምን ታደርጋለህ?» አብዛኛው ሰው «አጸዳለሁ» ወይም «ስካን አደርጋለሁ» ይላል። እናንተ «ፎቶ አነሣለሁ፣ እቆጥራለሁ፣ የማን እንደነበረ እጠይቃለሁ» በሉ። የእድሩን ዝርዝር በሁለት ገጽ አትሙና ይዛችሁ ሂዱ፤ የግል ምስጢር ያለበትን መስመር ግን አስቀድማችሁ አውጡ፣ ያንን ማውጣታችሁን ማየት የሚፈልግ ቀጣሪ አለ። ካርቶኑ የመጀመሪያ ቀን ሲከፈት ያነሣችሁትንም ፎቶ አብራችሁ ያዙ። እኔ ኮሚቴ ላይ ስቀመጥ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው።